ለካታ ዳኞች፦ ነጥቡ የሚሰጠው ለየትኛው ካታ ነው?

ለዓለም ካራቴ ፌዴሬሽን የዳኞች ኮሚሽን
ግልባጭ፦ በአገራችን ካታ ለሚዳኙ ሁሉ
ጉዳዩ፦ የካታ አዳኛኘትን ይመለከታል

የተከበራችሁ ዳኞች፣

እንደምን ከረማችሁ? ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። እናንተ አስተርጓሚ አታጡም። ግልባጭ የተደረገላቸው ሰዎች ግን ከውድድር በኋላ ማኪያቶ ይዘው የሚጨቃጨቁት በአማርኛ ነው። እነሱም ይስሙልኝ።

ሥራዬ ካራቴ ማስተማር ነው፣ እዚሁ አዲስ አበባ። ኩሚቴም (ሁለት ሰው የሚጋጠምበትን) አስተምራለሁ። ኩሚቴ ላይ ይህን ያህል ቅሬታ የለኝም። ጡጫው ደረሰ ወይ አልደረሰም፤ ካጠራጠረ ቪዲዮው ይታያል። ካታ ላይ፣ ማለትም ቅደም ተከተሉ በተወሰነው የብቻ እንቅስቃሴ ላይ፣ ነገሩ ይወሳሰባል። አንድ ሰው ብቻውን ታታሚ (የውድድሩ ምንጣፍ) ላይ ይወጣል። ከማይታይ ባላጋራ ጋር ይዋጋል። እናንተ ደግሞ ያ ውጊያ ስንት እንደሚያወጣ ትነግሩናላችሁ። ከባድ ሥራ ነው፤ እውነቴን ነው፣ አልቀናባችሁም። ግን የምትሰጡት ነጥብ ከመድረኩ ወርዶ የት የት እንደሚደርስ የምታውቁት አይመስለኝም። የምጽፈውም ለዚሁ ነው።

ሁላችንም የምናስታውሰውን ፍጻሜ ላንሳ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 5 ቀን 2021 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው)፣ ቶኪዮ፣ ኒፖን ቡዶካን። ካራቴ ኦሊምፒክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየበት ቀን። በሴቶች ካታ ፍጻሜ የስፔኗ ሳንድራ ሳንቼስ እና የጃፓኗ ኪዮ ሺሚዙ ተገናኙ። ሳንቼስ 39 ዓመቷ ነበር፣ ሺሚዙ 27። ሁለቱም ሺቶ-ሪዩ የሚባለው የካራቴ ስታይል ልጆች ናቸው። ሁለቱም የመረጡት ካታ ደግሞ አንድ ሆኖ አረፈው፦ ቻታንያራ ኩሻንኩ። ለዳኛ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል? ካታው ያው፣ ስታይሉ ያው፣ ታታሚው ያው። ውጤቱ 28.06 ለ 27.88 ሆነና ወርቁ ወደ ስፔን ሄደ።

ልዩነቱ 0.18 ነው። ሂሳብ የማይወድ አንባቢ የሚቀጥለውን አንቀጽ ቢዘል አልቀየምም።

በጊዜው ደንብ ሰባት ዳኞች ይቀመጡ ነበር። እያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ይሰጣል፤ አንዱ ለቴክኒክ፣ ሌላው ለአትሌቲክ ብቃት። ነጥቡ ከ5.0 እስከ 10.0 ነው፣ በ0.2 በ0.2 ይጨምራል። ከሰባቱ ነጥቦች ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት ይሰረዛል። የቀሩት ሦስቱ ይደመራሉ። ቴክኒኩ 70 በመቶ፣ አትሌቲኩ 30 በመቶ ይይዛል። እንግዲህ ነጥቡ ያልተሰረዘበት አንድ ዳኛ አትሌቲኩን አንድ እርከን ከፍ ቢያደርግ ድምሩ ላይ 0.06 ይጨምራል። ቴክኒኩን ከፍ ቢያደርግ 0.14። ስለዚህ 0.18 ማለት ሦስት የአትሌቲክ እርከን ናት። ሦስት ዳኞች የሺሚዙን ጉልበት ወይም ሚዛን አንዲት አንዲት እርከን ከፍ አድርገው ቢያዩት ኖሮ ሁለቱ እኩል ለእኩል ይወጡ ነበር።

ሳንቼስ ማሸነፏ ላይ ጥያቄ የለኝም። በዚያ ዕድሜ እንደዚያ መሥራት ራሱ ሌላ ደብዳቤ ይወጣዋል። እኔ ማወቅ የምፈልገው ያቺ 0.18 ከየት እንደመጣች ነው። የቱ እንቅስቃሴ ላይ? ኔኮ-አሺው (የድመት እግር አቋቋሙ) ላይ? ዝላዩ ላይ? አተነፋፈሷ ላይ? ዳኛ ምክንያቱን አይጽፍም። ቁጥሩ ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ በቃ። በባንዲራው ዘመንም እንደዚሁ ነበር። አምስት ዳኞች ዙሪያውን ይቀመጣሉ፣ መጨረሻ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ያነሳሉ። በ2019 ባንዲራው ቀርቶ ቁጥር መጣ። ከዚያ ወዲህም ደንቡ ተነካክቷል። ምክንያቱ ግን በባንዲራም በቁጥርም ከዳኛው ጭንቅላት አልወጣ አለ።

«ታዲያ ምን ይጠበስ? አሸናፊው ታወቀ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ችግሩ ያሸነፈው ካታ እዚያው አለመቅረቱ ነው።

በማግስቱ የወንዶቹ ፍጻሜ ነበር። የጃፓኑ ሪዮ ኪዩና ኦሃን ዳይን ሠርቶ 28.72 አገኘ። የስፔኑ ዳሚያን ኪንቴሮ ሱፓሪንፔይን ሠርቶ 27.66። እዚያ ላይ ማንም ብዙ አልተከራከረም። ኪዩና ካራቴ የበቀለባት የጃፓን ደሴት የኦኪናዋ ልጅ ነው፤ ከኦኪናዋ ተነስቶ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀ የመጀመሪያው ሰው። መድረኩ ላይ የሟች እናቱን ፎቶ ይዞ ነው የቆመው። የሠራው ኦሃን ዳይ የሪዩኤይ-ሪዩ ካታ ነው። ይህ ስታይል የናካይማ ቤተሰብ ርስት ነበር። ለትውልድ ከቤት አልወጣም። ለውጭ ሰው ማስተማር የጀመሩት ኬንኮ ናካይማ ናቸው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ። ከተማሪዎቻቸው አንዱ ጹጉዎ ሳኩሞቶ በ1984፣ በ1986 እና በ1988 ተከታትለው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። ኪዩናን ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው።

እስቲ አስቡት። ከሃምሳ ዓመት በፊት ከአንድ ቤተሰብና ከጥቂት ተማሪዎች በቀር የማያውቀው ካታ ዛሬ በየአህጉሩ ውድድር ላይ ይሠራል። አናን የተባለውን የዚሁ ስታይል ካታ የሚሠሩ ልጆች ብዙዎቹ የሪዩኤይ-ሪዩ ዶጆ (ማሰልጠኛ) ደጃፍ ረግጠው አያውቁም። ካታው ያሸንፋል፣ ስለዚህ ይቀዳል። በዝርዝራችሁ ላይ 102 ካታ ተጽፏል። ከፍተኛ ውድድር ላይ ግን ሰልፈኞቹ እነዚያው ናቸው፦ አናን፣ አናን ዳይ፣ ኦሃን ዳይ፣ ፓፑሬን፣ ቻታንያራ ኩሻንኩ፣ ሱፓሪንፔይ፣ ኡንሱ። ጂቴን ወይም ዋንካንን ፍጻሜ ላይ ለማየት ዕድለኛ መሆን ይጠይቃል። ይህን ምርጫ የመረጠ ጉባኤ የለም። የኦኪናዋ ሽማግሌዎችም ተሰብስበው አልወሰኑም። በየውድድሩ የሰጣችሁት ነጥብ ነው የወሰነው።

የሚቀዳው የካታው ስም ብቻ ቢሆን ደግሞ ምንም አልነበረም። አሠራሩም ይቀዳል። የእኔ ሰልጣኞች ዩቲዩብ ከፍተው የሚያዩት የኦኪናዋ አዛውንት ጓሯቸው ውስጥ ሲሠሩ የተቀረጸውን አይደለም። ወርቅ ያገኘውን ነው። አንድ ልጅ ሰኞ ዕለት መጥቶ «ሴንሴይ፣ እዚህ ጋ እኮ ቆም ማለት አለብን፣ ሻምፒዮኑ ቆሟል» ይለኛል። ምን ልበለው? ሻምፒዮኑ እውነትም ቆሟል።

ስለዚች መቆም ትንሽ ላብራራ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ሳይፋን እንውሰድ። የጎጁ-ሪዩ ስታይል አጭር ካታ ነው፣ ሺቶ-ሪዩም ይሠራዋል። በድሮው ደንብ ግዴታ ከነበሩት ስምንት ካታዎች አንዱ ነበር። አከፋፈቱ እንዲህ ነው። ባላጋራ እጅህን ይዞሃል። ሰያፍ ወደ ፊት ትራመዳለህ። የተያዘውን ጡጫህን በሌላኛው መዳፍህ ትሸፍናለህ። እግሮችህን ገጥመህ፣ መላ ሰውነትህን ተጠቅመህ ወደ ጎንህ ትጎትታለህ። እጅህ ተለቀቀ። ወዲያው ሺኮ-ዳቺ (እግር ተከፍቶ ዝቅ የሚባልበት አቋም) ላይ ትወርዳለህ። ያ የተለቀቀው ጡጫ በጀርባው ፊቱ ላይ ያርፋል። ሌላኛው እጅህ የሱን እጅ ወደ ታች ይጫናል። ሦስት ጊዜ ይደጋገማል፣ በቀኝ፣ በግራ፣ በቀኝ። መጎተቱና ምቱ አንድ ሥራ ናቸው። አንዱ ያለ ሌላው ትርጉም የለውም።

አሁን ውድድር ላይ እንየው። አትሌቱ ይጎትታል። ከዚያ ይቆማል። አዳራሹ ጸጥ ይላል። አሁንም ቆሟል። ከዚያ ጧ! ምቱ ይወርዳል፣ የልብሱ እጅጌ ይጮኻል፣ ሕዝቡ «ዋው» ይላል። ያምራል፤ አልዋሽም፣ እኔንም ከወንበሬ ብድግ ያደርገኛል። ግን እጁን ያስለቀቀ ሰው ምን ይጠብቃል? ባላጋራው እኮ ሌላ እጅ አለው። ያቺ ዝምታ ለሱ ስጦታ ናት።

መቆሙ ከውጊያው አልመጣም። ከነጥቡ ነው የመጣው። ከዝምታ ቀጥሎ የሚመጣ ምት ከእውነተኛ ፍጥነቱ በላይ ፈጣን ይመስላል። ዓይን ይታለላል፣ የዳኛም ዓይን ዓይን ነው። አንድ አትሌት በዚህ አሸነፈ። ሌላው አየና ትንሽ ጨመረበት። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሳይቆም የሠራ ልጅ «ኪሜ የለውም» (ምቱ ትኩረትና ኃይል ያንሰዋል) ይባላል። እዚህ ላይ ነው ሆዴን የሚቆርጠኝ። ልጁ ካታውን በትክክል ሠርቶ የተቀጣው ስላላስዋበው ነው።

የራሳችሁ ደንብ ይህን ያውቃል። ካታ ዳንስ ወይም የቲያትር ትርኢት እንዳልሆነ፣ ለውጊያ እውነተኛ መሆን እንዳለበት ለዓመታት ደንቡ ላይ ሰፍሮ ነበር። የ2019ኙም ደንብ ከቴክኒክ መመዘኛዎቹ መካከል አቋቋምን፣ ሽግግርን፣ አተነፋፈስን፣ ኪሜን፣ ደግሞም ለየስታይሉ መሠረት ታማኝ መሆንን ዘርዝሯል። በድምፅ ማጀብንም ጥፋት ብሎታል፤ እግር መደብደብ፣ ደረትን ወይም ልብስን መምታት፣ ያለቦታው መተንፈስ። ግሩም ተጽፏል። አሁን እስቲ የትኛውንም ትልቅ ውድድር ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙ። አንዳንዱ ካታ ላይ የሚሰማው ትንፋሽ የመኪና ጎማ እየተነፈሰ ነው ያስብላል። ልብሱ ራሱ እንዲጮህ ሆኖ ይሰፋል፤ ከባድ ጥጥ፣ እንደ ካርቶን ደረቅ። (የዚህ ልብስ ዋጋ አንድ ሰልጣኝ ለወራት ከሚከፍለው ይበልጣል፤ እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።) በዚህ ነጥብ ሲቀነስበት ያየሁት አትሌት ትዝ አይለኝም።

«ባህሉ እንዳለ ይጠበቅ» የሚል ሰው ነው ብላችሁ እንዳትፈርጁኝ። ባህሉ ራሱ እንዳለ ተቀምጦ አያውቅም። ይህን ደግሞ በደብዳቤ ላሳያችሁ፤ ካራቴ ውስጥ ለበላይ አካል ደብዳቤ ሲጽፍ የመጀመሪያው ሰው እኔ አይደለሁም።

በኦክቶበር 1908 የኦኪናዋው የካራቴ መምህር አንኮ ኢቶሱ አሥር ነጥብ ያለው ደብዳቤ ጻፉ። ካራቴ በኦኪናዋ ትምህርት ቤቶች እንዲሰጥ ነበር ዓላማቸው። ከቻይና ስለመጡት ሁለት ስታይሎች ሲያነሱ የየራሳቸው ብርታት እንዳላቸው፣ እንዳሉ ሊጠበቁና ማስዋቢያ ሊጨመርባቸው እንደማይገባ ገለጹ። ሌላም ነገር አሉ። እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሰውነት ለማጠንከር ነው ወይስ ለመጠቀም፣ ቀድሞ ተለይቶ መሠራት አለበት ብለው መከሩ።

እኚሁ ሰው ናቸው እንግዲህ ፒናን የተባሉትን አምስት ካታዎች ያዘጋጁት። ኩሻንኩን ከመሰሉ ረጅም ካታዎች እየቆረጡ ለተማሪ የሚሆን አድርገው ሠሯቸው። «ማስዋቢያ አይጨመር» ያሉት ሽማግሌ ራሳቸው ትልቁ ለዋጭ ሆኑ። ተቃርኖ ይመስላል። ለእኔ ግን አይመስለኝም። ኢቶሱ የለወጡት ለአንድ ሥራ ነው። ክፍል ሙሉ ልጅ አለ፣ ረጅሙ ካታ አይሆንለትም፣ አጭር ያስፈልገዋል። ለማስተማር ተለወጠ። ከውጪ ለሚያይ ሰው ዓይን ብለው አልነኩትም።

ከዚያ በኋላም ብዙ ተለውጧል። የሾቶካን ስታይል አባት ጊቺን ፉናኮሺ በ1922 ካራቴን ከኦኪናዋ ይዘው ቶኪዮ ሄዱ። ፒናን ሄይያን ሆነ፣ ኩሻንኩ ካንኩ ሆነ፣ ናይሃንቺ ተኪ ሆነ። የመጀመሪያው ፒናንና ሁለተኛው ቦታ ተቀያየሩ። በጃፓን የሾቶካን አቋቋም ረዘመ፣ ዝቅም አለ። ዛሬ ሄይያን ኒዳን ላይ ሾቶካን በጎን ይራገጣል። ያው ካታ በኦኪናዋው ሾሪን-ሪዩ ፒናን ሾዳን ነው፤ እዚያ ላይ እርግጫው ወደ ፊት ነው። የጎን እርግጫው በኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ ሐሰት ነው ልንል ነው? አንልም። ሾቶካን ዶጆ ውስጥ ለብዙ አሥርት ዓመታት በሺህ የሚቆጠር ሰው ሠርቶታል፣ ፈትኖታል፣ ባህሉ ሆኗል። ሾሪን-ሪዩ ዶጆ ውስጥ ደግሞ የፊቱ ነው ባህል። ሁለቱም ልክ ናቸው፣ እያንዳንዱ በቤቱ።

እኔ የምለየው በዕድሜው አይደለም። አንድ ለውጥ ሲመጣ «ይህ ባላጋራው ላይ ምን ያደርጋል?» ብዬ እጠይቃለሁ። መልስ ካለው፣ ትናንት የመጣም ቢሆን ልቀበለው እችላለሁ። መልሱ «ዳኛው ይወደዋል» ከሆነ፣ መቶ ሻምፒዮን ቢሠራውም ነጥብ ሊያገኝ አይገባም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። አንድ ውድድር ላይ፣ የትና መቼ እንደሆነ ልተወው፣ አንዲት ሰልጣኜ ሳይፋ ሠራች። በጎጁ-ሪዩ ነው ያስተማርኳት። የጎጁ የፊት አቋቋም ከሾቶካን ያጥራል፣ ከፍም ይላል፤ የሚዋጋው ከቅርብ ነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ። ልጅቷ ቀጥ አድርጋ ሠራችው። ተሸነፈች። መሸነፍ ያለ ነው፣ ስለሱ አልጻፍኩም። በኋላ አንዱን ዳኛ በአክብሮት «የኔታ፣ ምኗን ታርም?» ብላ ጠየቀች። («የኔታ» ያለችው ከልማድ ነው፤ ሴንሴይ ማለት ነበረባት፣ ግን ደስ አለኝ።) መልሱ «ዘንኩትሱ-ዳቺሽ (የፊት አቋምሽ) አጭር ነው፣ ዝቅ በይ» የሚል ነበር። ሰውየው ሾቶካን ነው ያደገው። ክፉ ሰው አይደለም፣ አድሎም አላደረገም። በሚያውቀው ሜትር ለካ።

ይህ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት የሚያቅት ነገር አይደለም። ድጓ ላይ ቤተልሔም አለ፣ አጫብር አለ፣ ቆማ አለ፣ ተጉለት አለ። የቤተልሔም መሪጌታ የአጫብሩን ዜማ ሰምቶ «ተሳስተሃል» አይልም። ቢል የሚያፍረው ራሱ ነው። የቤቱን ስልት ያውቃል፣ የሌላውም ቤት ስልት እንዳለው ያውቃል። ከዚያ በኋላ በዚያ ስልት ውስጥ ያነሰና የተረፈ ካለ ይለያል። ካታ ላይ ይህን ያህል መጠየቅ ብዙ ነው?

የልጅቷን ነገር ልጨርስ። ለሚቀጥለው ውድድር አቋሟን አስረዝማ መጣች። ማንም አላዘዛትም፤ ዳኛው ነው የነገራት። ሳይፋዋ ጎጁም ሾቶካንም ያልሆነ ነገር ሆነ። ረጅም አቋም ላይ ቆማ ከቅርብ የሚሠራ ሥራ ትሠራለች፤ እጇ አይደርስም። ነጥቧ ግን ከፍ አለ። እኔ ምን ላድርግ? አሰልጣኝ ነኝ፣ ወላጅም ሜዳሊያ ይጠብቃል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው።

አትሌቱ የካታውን ስም ሲያስመዘግብ ስታይሉም አብሮ ይጻፍ። ሴይፓይ የጎጁ ነው ወይስ የሺቶ? ሴይኤንቺንስ? ዝርዝራችሁ ሃንጌትሱን፣ ሴይሻንንና ሴይሳንን ለያይቶ ጽፏል፤ ሦስቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን እያወቀ ማለት ነው። በአንድ ስም ለሚጠሩት ደግሞ ስታይሉ ካልተጻፈ ዳኛው በምን ይመዝን? ይህ ገንዘብ አይፈጅም፤ ፎርሙ ላይ አንድ ሳጥን ነው። አንዴ «ጎጁ» ብሎ የጻፈ አትሌት መሃል ላይ ከሺቶም ከሾቶካንም የሚያምረውን እየለቀመ ቢቀላቅል ደግሞ ዳኛው የሚጠይቅበት መሠረት አገኘ። ለሁለቱም ወገን ፍትሕ ነው።

የዳኛ ፈተና ውስጥ ቡንካይ (የካታውን እንቅስቃሴ በሰው ላይ ማሳየት) ይግባ። በቡድን ካታ የሜዳሊያ ፍልሚያ ላይ ተወዳዳሪዎቹ ቡንካይ እንዲያሳዩ ታስገድዳላችሁ። ዳኛውስ? ሰው አቁመን «ይህቺን እንቅስቃሴ በሱ ላይ አሳየን» ብንለው ያሳያል? ሁሉንም 102 አይደለም የምለው። ነጥብ የሚሰጥባቸው ስታይሎች ዋና ዋና ካታ ይበቃኛል። የሳይፋን መክፈቻ አንዴ በሰው እጅ ተይዞ የሞከረ ዳኛ ለዚያች ዝምታ ነጥብ ሲሰጥ እጁ ትንሽ ይከብደዋል። መፈተን የሚያሳፍራቸው ትልልቅ ዳን ያላቸው ዳኞች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። እኛም በየጊዜው ቀበቶ ፈተና ላይ እንቆም የለ።

ምክንያት ይጻፍ። ለሁሉም ዙር አላልኩም፤ ቀኑ አይበቃም፣ ገብቶኛል። ለሜዳሊያ ፍልሚያዎች ብቻ እያንዳንዱ ዳኛ አንድ መስመር ይጻፍ። «ሁለተኛው ዙር መታጠፊያ ላይ ሚዛኗ ተናጋ።» «አተነፋፈሷ ከምቷ ቀደመ።» ይህቺው ናት። በማግስቱ ይውጣ። 0.18 ከየት እንደመጣች ብናውቅ አሰልጣኞች በየዶጆው ምን እንደምናርም እናውቃለን። አሁን የምናርመው በግምት ነው። ገምተን ደግሞ የምናርመው ሁልጊዜ የሚታየውን ነው፤ ድምፁን፣ ዝምታውን፣ ፊት መኮሳተሩን።

የድምፁ ደንብ ይሠራበት። አዲስ ሕግ አላመጣሁም። የጻፋችሁትን ነው። በአንድ ትልቅ ውድድር የመጀመሪያው ቀን ላይ ለአምስት አትሌት በትንፋሽ ጩኸት ነጥብ ቢቀነስ በሁለተኛው ቀን አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ አሰልጣኞችን አውቃቸዋለሁ።

ምን እንደምትመልሱልኝ ከወዲሁ እገምታለሁ። ካታ ስፖርት ሆኗል፣ ተመልካች አለ፣ ቴሌቪዥን አለ፤ ኔኮ-አሺ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሲያይ አንድ ነገር ሊያስደንቀው ይገባል። ይገባኛል። በቶኪዮው ጊዜ ደንብ የአትሌቲክ ብቃት 30 በመቶ መያዙንም አልጠላሁትም፤ ጉልበት የሌለው ካታ ማን ያያል? ግን ለቴሌቪዥን ብለን ስንቱን አሳመርን። ከቶኪዮ በኋላ ፓሪስ አልወሰደችንም። ሎስ አንጀለስም ዝርዝሯ ውስጥ አልከተተችንም። ለተመልካቹ የሰጠነው ትርኢት ተመልካቹን ካላመጣ፣ ቢያንስ ካታውን እንመልሰው። ደግሞ ተመልካች ሞኝ አይደለም። ሳይፋ ምን እንደሚያደርግ ለሁለት ደቂቃ ከሰው ጋር ብታሳዩት ቀጥሎ የሚያየው በሌላ ዓይን ነው። እኔ ከሰልጣኞቼ ወላጆች ጋር ሞክሬዋለሁ። ካታ «ልጄ ብቻውን የሚወራጭበት» የነበረባቸው እናት «እንዴ፣ አሁን እኮ ዘገየህ፣ ይመታሃል!» ብለው ከመቀመጫቸው ጮኸዋል። ምርጥ ዳኛ ይወጣቸዋል።

በአገራችን ለምትዳኙ ወንድሞቼና እህቶቼ አንድ ቃል አለኝ። ከላይ እስኪመጣ አትጠብቁ። የስታይሉ ሳጥን ነገ ፎርማችሁ ላይ ሊገባ ይችላል። ከውድድር በፊት ግማሽ ቀን ተቀምጣችሁ ጎጁው ለሾቶካኑ፣ ሾቶካኑ ለሺቶው የየቤቱን አቋቋም ብታሳዩ ሻይ ቡናውን እኔ እችላለሁ። አዳራሽ ካጣችሁ የእኛ ማሰልጠኛ እሁድ ጠዋት ባዶ ነው። ጫማ ማውለቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባችሁ።

መልሱን በጽሑፍ ብታደርጉልኝ ደስ ይለኛል፤ በማንኛውም ቋንቋ ይሁን።

ከሠላምታ ጋር፣
አንድ የካራቴ አሰልጣኝ
አዲስ አበባ